ምዕራፍ አምስት፦ ሾላን ያቆየ እጅ

ገና ጠጣር የሆነ አረንጓዴ የሾላ ፍሬ ከዘለላው ሳይነቀል በትንሽ ቢላዋ ይበጣል። ከቁስሉ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ ወተቱ ሲደርቅ የቁስሉ አፍ ይጠቁራል። ብዙም ሳይቆይ ፍሬው ማበጥ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከቀድሞው መጠኑ እጅግ ገዝፎ፣ ውስጡ ለስልሶና ጣፍጦ ይለቀማል። ከዚያው ዘለላ ላይ ቢላዋ ያልነካው ፍሬ ግን እንደ ጠጠረ ይቆያል። የግብፅ ገበሬዎች ይህን ሥራ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። በጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ ለሟቹ ስንቅ ተብለው በተቀመጡ የደረቁ የሾላ ፍሬዎች ላይ ያው የቢላዋ ጠባሳ ተገኝቷል። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያም ከዚያች ትንሽ ጠባሳ ይነሳል። የጥንት የፍሬ ዛፍ ዝርያ የሚኖረው ዛፉ ስለቆመ ብቻ አይደለም። መርጦ የሚተክለው፣ ጊዜውን አውቆ የሚለቅመውና ፍሬውን የሚበላው ሰው እስካለ ድረስ ነው የሚኖረው። ያ ሰው ሲጠፋ ዛፉ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ዝርያው ግን ስሙንና ጣዕሙን ያጣል፤ ብዙ ሳይቆይ ራሱም ይከተላል።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን የሾላን ውስጣዊ ኑሮ እንይ። እዚህ ላይ ሾላ የምለው ሳይንስ ፊከስ ሲኮሞረስ የሚለውን፣ በአንዳንድ አካባቢ ባምባ፣ በኦሮምኛ ኦዳ የሚባለውን ዛፍ ነው። ፍሬ ብለን የምንበላው ነገር በእውነቱ አበቦቹን ወደ ውስጥ የሸሸገ ከረጢት ነው። ወንዴውም ሴቴውም አበባ በዚያች ከረጢት ውስጥ ተደርድረዋል፤ የሚደርሱት ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሴቴዎቹ ይደርሳሉ። ያኔ ከትንኝ የምታንስ አንዲት ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ክንፏ እስኪነቀል ድረስ ተጣጥራ ትገባለች፤ ከሌላ ሾላ በደረቷ ኪስ ይዛ የመጣችውን ብናኝ በአበቦቹ ላይ ታራግፋለች፤ በአንዳንዶቹ አበቦች ውስጥ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ ክንፍ የሌላቸው ወንድ ተርቦች ቀድመው ይፈለፈላሉ፤ ሴቶቹን ያጠቃሉ፤ የፍሬውንም ግድግዳ ቦርቡረው መውጫ ያበጃሉ። በዚያን ሰዓት ወንዴ አበቦቹ ደርሰዋልና ወጣቶቹ ሴት ተርቦች ብናኙን ሞልተው ወደ ሌላ ዛፍ ይበራሉ። በአፍሪካ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ሾላ ዘር የሚያፈራው በዚህ ጥንታዊ ውል ነው። እረኛ ልጅ ፍሬውን ከፍቶ ትንኝ ያላትን አራግፎ የሚበላው ይህ ሁሉ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው።

ዛፉ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ግን ብናኝ የምታመላልሰው ተርብ አብራው አልዘለቀችም። በግብፅ፣ በፍልስጥኤምና በእስራኤል ቆላዎች ሾላው አለ፤ በፍሬውም ውስጥ ሌላ ዓይነት ተርብ ይኖራል፤ ይህኛው ግን እንቁላሉን ከመጣል በቀር ለዛፉ የሚያደርግለት ነገር የለም። ብናኝ ስለማይደርስ ፍሬው የሚበቅል ዘር የለውም። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች የቆመ የጥንት ሾላ ሁሉ ሰው ከሌላ ሾላ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ መሬት ላይ ተክሎ፣ ውኃ አጠጥቶ ያሳደገው ነው። ያ የተቆረጠበት ዛፍም እንዲሁ፤ የዚያኛውም እናት እንዲሁ። የወፍ ኩስ ወይም የጎርፍ ደለል ያበቀለው የለም። ከቅርንጫፍ የሚተከል ዛፍ ደግሞ ከእናቱ አይለይም፤ ጣዕሙም፣ የፍሬው ቅርጽም፣ የሚያፈራበት ወቅትም ሳይዛነፍ ይተላለፋል። በግብፅ ሩሚና ከላቢ የሚባሉት የሾላ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ነው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገሩት። ካይሮ ወይም ጃፋ ላይ ሾላ ያየ ሰው እጅ ለእጅ ሲቀባበል የኖረ አንድ ሕይወት አየ ማለት ነው። በመሐል አንድ ትውልድ እጁን ቢሰበስብ ኖሮ ሰንሰለቱ ያኔ ይበጠስ ነበር።

ቢላዋው የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚያ አገሮች ያልተበጣው ፍሬ ለመብል የሚለሰልሰው ነፍሳቱ በውስጡ ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ተርብ የሞላበት ይሆናል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳይበስል ይወድቃል። ገና በለጋነቱ የተበጣ ፍሬ ግን ነፍሳቱ ከመጎልመሳቸው በፊት ይበስላል፤ ንጹሕ ሆኖም ይበላል። የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃውያን ፍሬውን በብረት እንደሚቧጥጡትና በአራተኛው ቀን እንደሚበስል ጽፏል። ነቢዩ አሞጽ ሙያውን ሲናገር ከከብት ጠባቂነቱ ጋር ከዚህ ዛፍ ፍሬ ጋር የተያያዘ ሥራ እንደነበረው ይገልጻል፤ የሰብአ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ያን ሥራ መጫርን በሚያመለክት ቃል ተርጉሞታል። እ.ኤ.አ. በ1928 የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪው ሉድቪግ ካይመር በዘመኑ ገበሬዎች እጅ ያለው የሾላ መብጫ ቢላዋ የፈርዖኖቹ ዘመን ቢላዋ ተከታይ መሆኑን አሳየ። በ1968 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ያዕቆብ ጋሊል ጥበቡን በዝርዝር መዝግቦ አሳተመ፤ በ1972 እሱና ባልደረቦቹ ቁስሉ ፍሬው ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ፣ ፍሬውን በፍጥነት የሚያሳድገውና የሚያበስለውም ይኸው ጋዝ መሆኑን አረጋገጡ። ዛሬ ሙዝ የሚያበስሉ መጋዘኖች የሚጠቀሙበትን ጋዝ የጥንቱ ገበሬ ስሙን ሳያውቅ በቢላዋ ጫፍ ያዘው ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም የተደከመው ለተናቀ ዛፍ አልነበረም። ዳዊት ወይራውንና ሾላውን የሚጠብቅ ሹም እንደሾመ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ በሰሎሞን ዘመን የዝግባን ብዛት ለመግለጽ የተመረጠው ማነጻጸሪያ በቆላው የሞላው ሾላ ነው። መዝሙረኛው በግብፅ ላይ የወረደውን መቅሠፍት ሲቆጥር ከወይኑ ቀጥሎ የሾላውን መጥፋት ያነሳል፤ ሾላ ማጣት ለአንድ አገር ትልቅ ጉዳት እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሰባተኛው የዕረፍት ዓመት ከዚያ በፊት ተቆርጦ የማያውቅ ሾላ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ሾላ ግንዱ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ የቤት ማዋቀሪያ እንጨት የሚሰጥ ሀብት ነበር። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀረጸውና በካይሮ ሙዚየም የሚገኘው የጥንታዊው ግብፃዊ የካዓፐር ሐውልት የተሠራውም ከሾላ እንጨት ነው። ሰው ይህን ዛፍ ያከበረው ስለሚመገበውና ስለሚጠቀምበት ነው፤ ስለሚመገበውም መረጠው፤ ስለመረጠውም ዝርያ ኖረው።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ስናይ ግን ክርክራችን ፈተና ላይ ይወድቃል። በእስራኤል ሾላ በሕግ የተጠበቀ ዛፍ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። በቴል አቪቭ ጎዳናዎች ላይ ከከተማዋ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ሾላዎች በመንገድና በሕንፃ መሐል በክብር ቆመዋል። ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱ ወገኖቻችን በልጅነታቸው የለቀሙትን ዛፍ እዚያ ከአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ያገኙታል። ፍሬው ግን አስፋልት ላይ ወድቆ እየተረገጠ የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ሆኗል። መሰላል ይዞ ወጥቶ የሚበጣው ሰው ብርቅ ነው። በግብፅም ቢሆን በመስኖ የሚለማው ብርቱካንና ማንጎ ገበያውን ከያዘ ወዲህ ሾላ ከገበሬው ልብ ወጥቷል። ሕጉ ግንዱን አዳነ፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም ሕግ ዛፉ እንዳይቆረጥ ይከለክላል እንጂ ከዛፉ ቅርንጫፍ ወስዶ እንዲተክል ማንንም አያስገድድም። ሾላ ብዙ ዘመን ቢኖርም ዘላለም አይኖርም። ዘር የሌለው ዛፍ ሳይተካ ከሞተ ከስድስት ዓመትም ከስድሳ ዓመትም በኋላ የሚያበቅለው ኃይል የለም።

የኢትዮጵያ ነገር የዚህ ተቃራኒ መስሎ ይታያል፤ በመሠረቱ ግን ያው ነው። እኛ ዘንድ ተርቧ አለች፤ ዘሩ አለ፤ ወፉም ዝንጀሮውም የሌሊት ወፉም ዘሩን በየወንዙ ዳር ይበትናል። ከዘር የበቀለ ሾላ ሁሉ አባቱና እናቱ የተለያዩ ናቸውና አንዱ ከሌላው ይለያል፤ አንዱ ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ፣ ሌላው ትንሽና ጠጣር፣ አንዱ በዓመት ደጋግሞ የሚያፈራ፣ ሌላው የሚሰንፍ ይሆናል። ክብርም አልጎደለውም። በኦዳ ጥላ ሥር ሸንጎ ይቀመጣል፤ ሕግ ይደነገጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ከዚህ ዛፍ ተለይቶ አይታሰብም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በምንጭ ራስ ላይ ሾላ አይቆረጥም። ገበያ በሥሩ ይቆማል፤ ሾላ ገበያ የሚለው የቦታ ስም ይህን ይመሰክራል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ምርጫ። ጣፋጩን ሾላ እረኞች ያውቁታል፤ ከዚያ ጣፋጭ ሾላ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ስም አውጥቶ፣ ለጎረቤት ያካፈለ ግን እምብዛም የለም። ለጤፍ ማኛና ሰርገኛ ብለን ለይተን ስም ያወጣን ሕዝብ፣ ለእንሰት በየቤቱ ጓሮ ብዙ ዝርያ ለይተን የምንተክል ሕዝብ፣ ሾላን ግን ሾላ ብቻ ብለን ትተነዋል። ግብፅ ዝርያው ኖሯት ብዝኃነቱ የለም፤ እኛ ብዝኃነቱ ኖሮን ዝርያው የለንም። ሁለቱም ጋ የጠፋው ያው የሰው እጅ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ሾላ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ዓረብ ምድር የተንሰራፋ ዛፍ ነው፤ የመጥፋት አደጋ አላንዣበበበትም፤ ስለዚህ ምን አስጨነቀን? ይህ ተቃውሞ ዛፉን ከዝርያው ጋር ያምታታል። ማኛ ጤፍ ከምድር ጠፍቶ ቀይ ጤፍ ብቻ በየማሳው ቢቀር ጤፍ አልጠፋም ማለት ይቻላል፤ ገበሬው ግን አባባሉን አይቀበለውም፤ ምን እንዳጣ ያውቃልና። የሩሚ ሾላ የመጨረሻው ግንድ ቢወድቅ በኬንያ ወንዞች ዳር የሚኖሩ ሾላዎች አይተኩትም። እነሱ ተርብና ዕጣ ያበቀሏቸው ናቸው፤ ሩሚ ደግሞ በሰው ምላስና በሰው ትዕግሥት የተጣራ ነው። እንዲያውም ዛፉ በየቦታው መኖሩ ነው አደጋውን የሚሸሽገው። የሚታይ ነገር ሲጠፋ ሁሉም ይጮኻል፤ የተለመደ ነገር ውስጡ ሲመነምን ግን የሚያስተውለው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያ የሚመጣ ነው፦ ዘሩን ሰብስበን በዘረ መል ባንክ ብናስቀምጠው አይበቃም ወይ? አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘረ መል ባንክ ለስንዴያችን፣ ለገብሳችንና ለማሽላችን ታላቅ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ከራሱ ብናኝ የሚያፈራ ስንዴ የእናቱን ባሕርይ ይዞ ሲበቅል፣ ከሌላ ዛፍ ብናኝ የሚያፈራ ሾላ ዘር የሚሰጠው አዲስ ዛፍ ነው። ይህን የሚያስረዳ ከሾላ ውጭ ያለ ግሩም ምሳሌ አለ። በእስራኤል ማሳዳ ከተባለው አምባ በቁፋሮ የተገኘ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቴምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በቀለ፤ ማቱሳላ ተባለ። ዓለም ተደነቀ፤ መደነቁም ተገቢ ነበር። ማቱሳላ ግን ወንድ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ከጥንት ዘር የበቀለች ሴት ዛፍ ከእሱ ብናኝ ወስዳ ፍሬ እስክትሰጥ እስከ 2020 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የተገኘውም ፍሬ ከሁለት ጥንታዊ ወላጆች የተወለደ አዲስ ቴምር እንጂ ሮማውያን ያወደሱት የይሁዳ ቴምር ራሱ አይደለም። ያ ዝርያ የሞተው ከሥሩ ቡቃያ እየነቀለ የሚተክል ሰው ባጣ ጊዜ ነው። ቴምር እንኳ ዘር ነበረውና ከቅርቡ ዘመዱ ጋር ተገናኘን። የግብፅ ሾላ ግን በማሰሮ ተቀምጦ የሚቆየን ዘር እንኳ የለውም። እሱን የሚይዘው ባንክ መሬት ላይ የቆመ ዛፍና ዛፉን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የምላስና የመሬት ነው። ሾላ ከአውሮፓው በለስ ጋር ሲወዳደር ጣዕሙ ለዘብ ያለ ነው፤ የድሃ ምግብ ሲባል ኖሯል፤ በጠባብ ማሳ ላይ አቮካዶ ቢተከል ይሻላል ይባላል። ጣዕሙ ከበለስ እንደሚያንስ አልክድም። ነገር ግን ዛሬ ሾላን የሚንቅ ሰው የቀመሰው ማንም ያልመረጠውን፣ በጊዜው ያልተለቀመውን፣ ነፍሳት የኖሩበትን ፍሬ ነው። ከጫካ የተለቀመ የዱር ፖም ቀምሶ ስለ ፖም መፍረድ ትክክል ካልሆነ፣ ያልተመረጠ ሾላ ቀምሶ ስለ ሾላ መፍረድም ትክክል አይደለም። መሬትን በተመለከተ ደግሞ ሾላ የማሳ ተቀናቃኝ ሆኖ አያውቅም። የሚቆመው በወንዝ ዳር፣ በምንጭ ራስ፣ በገበያ መሐል፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ግቢ ነው። እዚያው ቆሞ ለሸንጎው ጥላ፣ ለከብቱ ቅጠል፣ ለቀፎው መስቀያ ይሰጣል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ያፈራል፤ እህል በጎተራ በሚሳሳበት ወር ፍሬ የያዘ ሾላ ለልጆች ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ሰው ያውቀዋል። ለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ተጨማሪ እርሻ አይጠየቅም። የሚጠየቀው እንደ ዕድል የሚበቅለውን ዛፍ መርጦ መትከል ብቻ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከአክብሮት የመነጨ ነውና። የተቀደሰ ዛፍ ስለት አይነካውም፤ ቅርንጫፉን መቁረጥ ድፍረት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ይህ ክልከላ ሾላዎቻችንን ከምሳር ያዳነ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ አክብሮትና ቅርንጫፍ መውሰድ እንደማይጣሉ የሚያሳይ ምስክር አለ። በካይሮ መጣሪያ በሚባለው ሰፈር ቅድስት ማርያም ሕፃኑን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት ነው ተብሎ የሚከበር የሾላ ዛፍ ይገኛል። ያ ዛፍ እስከ ዛሬ የሚጎበኘው የመጀመሪያው ግንድ ሳይወድቅ ስለቆየ አይደለም፤ አሮጌው ሲወድቅ ከእሱ የወጣው ቡቃያ እየተተካ ስለተጠበቀ ነው። ምእመናኑ ዛፉን አከበሩት፤ ስላከበሩትም ልጁን አሳደጉለት። ሽማግሌና ካህን መርቀው፣ ጊዜውን መርጠው፣ ከአሮጌው ሾላ አንድ ቅርንጫፍ አስቆርጠው በአዲስ ቦታ ቢያስተክሉ የዛፉን ክብር ያራዝሙታል እንጂ አይደፍሩትም። እጅግ የተከበረ ዛፍ ተተኪ ሳያገኝ ቢደርቅ ግን ጥፋቱ ክብር በጎደለው ሰው ብቻ አይመካኝም።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ይወጣል። በግብፅና በእስራኤል የቀሩት ዝርያዎች በየግንዳቸው ተለይተው መመዝገብ፣ ከእያንዳንዳቸውም ቅርንጫፍ ተወስዶ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መተከል አለበት፤ የመብጣት ጥበብም ከሚያውቁት እጅ ወደ ወጣት እጅ መሻገር አለበት፤ ፍሬ የማይበላለት ዛፍ ተካይ አያገኝምና። በእኛ አገር ደግሞ ሥራው በጥያቄ ይጀምራል፦ በዚህ ቀበሌ የሚጣፍጠው ሾላ የትኛው ነው? መልሱን እረኛው፣ አሮጊቷና የንብ አርቢው ያውቁታል። የተመረጠው ዛፍ በሰፈሩ ሰዎች አፍ ስም ይውጣለት። በክረምት መግቢያ ክንድ የሚያህል ጤናማ ቅርንጫፍ ተቆርጦ እርጥበት በማያጣ መሬት ይተከል፤ ሾላ በቅርንጫፍ በቀላሉ ሥር የሚሰድ ዛፍ ነው። የችግኝ ጣቢያዎች ለባሕር ዛፍና ለግራቪሊያ ከሚሰጡት ቦታ ጥቂቱን ለተመረጠ ሾላ ይስጡ። በግብፅ የኖረው የመብጣት ጥበብም በእኛ ጣፋጭ ዛፎች ላይ በትምህርት ቤት ግቢ ሊሞከር ይገባል። ለዚህ ከቢላዋ፣ ከመሰላልና ከአራት ቀን ትዕግሥት በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ለሺህ ዓመታት ዘር ያልነበረው ዛፍ በዓባይ ዳር የኖረው የማናውቃቸው ገበሬዎች አንድ ቅርንጫፍ ለመትከል ስላልሰነፉ ነው። ዘሩም ተርቧም ያለን እኛ ከእነሱ ያነሰ ልንሠራ አይገባም። ይህን መጽሐፍ የምታነቡ ሁሉ በአካባቢያችሁ ጣፋጭ ሾላ ካለ በመጪው ክረምት ከእሱ አንድ ቅርንጫፍ ትከሉ፤ ከየትኛው ዛፍ እንደተወሰደም ለልጆቻችሁ ንገሩ።